ዝምታ የሚነቅዝበት ሙያ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ለጎረቤት ጠብ ጥሩ ምክር ነው። በነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሰውም ይገድላል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት አስታማሚነት፣ ይጀምሩና አንድ ዓመት ገደማ ተምረው ኤልፒኤን የሚባሉ ፈቃድ ያላቸው ነርሶች ይሆናሉ። ሌሊት ሐኪሙ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ክፍሉን የምትዞረው ኤልፒኤኗ ናት፤ አደጋውንም ቀድማ የምታየው እሷ። አብዛኞቹ አይተው መጠርጠሩን ይችሉበታል። የሚቸግራቸው መናገሩ ነው።

መጠርጠሩ ራሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰውነት ሲጎዳ በመጀመሪያ ጉዳቱን ይሸፍናል፤ ብዙውን ጊዜ ደም ግፊት ሳይወርድ ትንፋሽ ቀድሞ ይፈጥናል። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅኑን 96 ቢያሳይም፣ ያን 96 ለማምጣት ሕመምተኛው ምን ያህል እየደከመ እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የደረት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ሆኖም ከቫይታል ሳይኖች ሁሉ ሳይቆጠር የሚጻፈው ትንፋሽ ነው። የስንቱ ሰው ቻርት ላይ «20» ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

የብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ኒውስ» የተባለ የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ለሚተነፍስ ሰው ዜሮ፣ ከ21 እስከ 24 ለሚተነፍስ 2፣ 25 ከደረሰ 3 ነጥብ ይሰጣል። አሁን አስቡት፤ ነርሷ ቸኩላ ለ15 ሰከንድ ቆጥራ በአራት ብታባዛ፣ አምስት ስትቆጥር 20፣ ስድስት ስትቆጥር 24 ይመጣል። በ«ደህና ነው» እና በ«ይታይ» መካከል ያለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። የበሰለች ነርስ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱ ስለሚለወጥም፣ የልብ ምት የምትለካ መስላ እጁን እንደያዘች ደረቱን ታያለች።

አረጋውያን ዘንድ ደግሞ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ኢንፌክሽን ቢያጣድፋቸውም ምታቸው ላይፈጥን ይችላል። ሁልጊዜ ግፊታቸው 160 የሆነ ሰው ዛሬ 110 ቢሆኑ ወረቀቱ «ጤነኛ» ይላል፤ የሚያውቃቸው ሰው ግን ይደነግጣል። ሳንባ ምች ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል ሊገባ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ድንገተኛ መደናገር ይሆናል። «ኒውስ» በ2017 ሲከለስ አዲስ የመጣ መደናገር ብቻውን 3 ነጥብ የተሰጠው ያለምክንያት አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ጸጥ ያለው መደናገር ነው። የሚጮኹት ሕመምተኛ ሰው ይጠራላቸዋል፤ ፈዘው የተኙት ግን «ዛሬ አላስቸገሩም» ተብለው ይታለፋሉ።

ይህን ቀድማ የምታውቀው ደግሞ የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው ሲኤንኤ ናት። «ዛሬ እንደ ወትሯቸው አይደሉም» ስትል፣ ኤልፒኤኗ ጋሪዋን አቁማ ሄዳ ማየት አለባት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ይመጣል፤ ጨዋነታችንም አብሮ ይመጣል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አስተዳደጉ የእኛው ነው፦ «ዶክተር፣ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ፣ የ12 ቁጥሯ ትንሽ ደከም ብለዋል።» ሐኪሙ ከእንቅልፉ ሆኖ «ጠዋት አያቸዋለሁ» ይላል። ቢል ምን ይፈረድበታል? ምንም አልነገረችውም እኮ።

ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የገባው «ኤስባር» የተባለ የአነጋገር ሥርዓት ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ምን ተፈጠረ፣ ታሪኩ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ? «የ84 ዓመቷ ሕመምተኛዬ ትናንት ስማችንን ለይተው ይጠሩ ነበር፤ ከማታ ጀምሮ ያሉበትንም አያውቁም። ትንፋሻቸው 26፣ ሙቀታቸው 37.9 ነው። እራትም ውሃም አልወሰዱም። ከባድ ኢንፌክሽን እሰጋለሁ፤ ወደ ሆስፒታል እንድልካቸው ይፈልጋሉ?» እዚህ ውስጥ ስድብም ድፍረትም የለም። ሐኪሙ ግን ተመልሶ አይተኛም።

«የእኔ ድርሻ መረጃ መሰብሰብ ነው፤ መመርመር የአርኤን፣ ከእኔ በላይ ያለችው ነርስ፣ ነው» የሚሉ ኤልፒኤኖች አሉ። በብዙ ግዛቶች ሕግም ሙሉ ምዘናው የአርኤን ነው። ነገር ግን ያው ሕግ የሰበሰበችውን እንድታሳውቅ ያስገድዳታል። አንዱ ካልሰማት ሌላውን፣ እሱም ካልሰማ ተረኛ ኃላፊውን ትጠራለች። በከንቱ የተጠራ ሐኪም የሚያጣው የግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ሳይጠራ የቀረበት ሕመምተኛ የሚያጣውን ለቤተሰቡ ጠይቁ። ነርስ ለምን ደወለች ብለው የሚያመናጭቁ አለቆችም ቀጣዩን ሞት እያዘጋጁ መሆናቸውን ይወቁ።

ልጆቻችን ለፈቃድ ፈተናው በየቤቱ በቡድን ሲያጠኑ የመድኃኒት ስሌቱን ደጋግመው ይሠራሉ። ከዚያ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ አንዱ የተቆጣ ሐኪም ይሁን፣ ሌላዋ ትደውል፣ ሳትንተባተብና ይቅርታ ሳትጠይቅ እስክትጨርስ ድረስም ይለማመዱት።