ቦጋለ መብራቱን አትዝለሉት

በዚህ ሳምንት ያበሸቀኝ አንድ ወጣት የአማርኛ መምህር ነው። እዚሁ ሱሉልታ ቡና እየጠጣን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጨዋታ አነሣን። ተማሪዎቹን ጊዜ እንዳያባክኑ በቀጥታ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል እንዲጀምሩ ይመክራቸዋል። «መጀመሪያው ይንዛዛል» አለኝ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ጠቤ የቆየ መሆኑን ታውቃላችሁ። መጽሐፉን የሁለት ፍቅረኞች ታሪክ ብቻ ከሚያደርጉት ጋርም፣ ከጉዱ ካሣ ሌላ ሰው ከማይታያቸው ጋርም አልተስማማሁም፤ አልስማማምም።

ይንዛዛል የተባለው እኮ ቦጋለ መብራቱ ነው። በሰው ቤት ሠርቶ የሚያድር ድኻ። ውድነሽ በጣሙ ደግሞ ያገቧት ባሎች እየሞቱባት፣ አገሩ «ገፊ» ብሎ የሸሻት ሴት። ሐዲስ ዓለማየሁ እነዚህን ሁለት ብቸኞች ሲያገናኟቸው አልቸኮሉም። ለትዳራቸው፣ ለልጃቸው፣ ለስእለታቸው ገጽ አልሰሰቱም። ደራሲው ማን እንደነበሩ ደግሞ አስቡ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ኢጣሊያ ድረስ ተወስደው የታሰሩ፣ ኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ትልልቅ ሰዎች የሚያወሩት ሞልቷቸዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ትልቅ መጽሐፍ የጀመሩት ግን በማንኩሳ ድኻ ነው፤ እሱንም ከነአባቱ ስም ጠርተው።

ከማንኩሳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮንን፣ ጫንጮን አልፎ፣ እንጦጦን ከመውጣቱ በፊት በእኛ ደጅ ያልፋል። አንዳንዱ እዚሁ ይቀራል። ሱሉልታ ውስጥ ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ፣ ተጀምሮ የቆመው ቤት ሁሉ ጠባቂ አለው። ጠባቂውም በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ የኅዳርን ውርጭ ብቻውን የሚያሳልፍ ሰው ነው።

በሰፈሬ ካሉት አንዱ የጎጃም ልጅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በስልኩ ጭኖ ሌሊት ሌሊት ይሰማል። የትኛውን እንደሚወድ ጠየቅኩት። ሰብለ ወንጌልን ይላል ብዬ ነበር።

«ቦጋለ ውድነሽን ሲያገባ ያለውን ነው ጋሼ፤ እየመለስኩ ነው የምሰማው።»

«ለምን?» አልኩት።

«እሱም ሰው አልነበረውም።»

መምህሩ ዝለሉት የሚለው ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ያልያዘ ዘበኛ የገባውን፣ መጽሐፉን የሚያስተምረው ሰው አጣው።

ለእንዲህ ያለ ድኻ ገጽ መስጠት የእኛ ብቻ ወግ አይደለም። ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1830 በጻፈው አንድ አጭር ታሪክ የፖስታ መንገድ ጣቢያ የሚጠብቅ ምስኪን ሹም አለ። ማዕረጉ ከሁሉም የመጨረሻው ነው፤ የቸኮለ መንገደኛ ሁሉ ፈረስ አምጣ እያለ ይጮኽበታል። አንዲት ልጁን አንድ መኮንን ይዟት ይሄድና ሰውየው በሐዘን ያልቃል። ፑሽኪን አፍሪካዊ ደም አለው ብለን አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሰይመንለታል። እኔ ከደሙ ይልቅ ለዚያ ሹም ያዘነውን ልቡን አከብራለሁ።

የመንገደኛውን ጩኸት ካነሣሁ አይቀር፣ የእኛ ሰፈር ጡሩምባም ያሳዝነኛል። ማታ መኪናው በር ላይ ይቆማል፤ ጡሩምባው ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ዘበኛው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ እየሮጠ ይከፍታል። «ደኅና አመሸህ» የሚለው የለም። አንዱን ጎረቤቴን የዘበኛውን ስም ብጠይቀው ቆም ብሎ አሰበ። የአባቱን ስም ጭራሽ አያውቅም። ግቢውን፣ ልጆቹን፣ እንቅልፉን አደራ የሰጠው ሰው ነው እኮ! ይህን ነውር ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

የዘመኑ ደራሲዎቻችንም ይስሙኝ። በዚህ ከተማ ቆርቆሮ ጎጆዎች ውስጥ ያለው ሕይወት ገና አልተጻፈም። ለመጻፍ አንድ ሌሊት ከጠባቂው ጋር እሳት መሞቅ፣ ሲናገርም ሳያቋርጡ ማዳመጥ ይጠይቃል። ከሆቴል አዳራሽ የመጽሐፍ ምረቃ ይህ ይበልጣል።

አንተም መምህሬ፣ ቅር እንደማትሰኝብኝ ተስፋ አለኝ፤ እባክህ ልጆቹን ከማንኩሳ አስጀምራቸው። እናንተ ደግሞ የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ባለ አጥሮች፣ ዛሬ ማታ ዘበኛችሁ በር ሲከፍትላችሁ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ስሙን ከነአባቱ ጠይቁት።