ቀድመው የገዙት ምን አሉ?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ጉዳይ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን በብዙ ቤት ውስጥ ጨዋታው ከገባ ቆይቷል፤ የምንነጋገርበት ሲጣላን ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ባል ከሥራ ሲመለስ የሚያሳልፍበት፣ ለዓመታት የወደደው አንድ የስትራቴጂ ጨዋታ አለ። አዲሱ ክፍል ሊወጣ ነው ተባለ። ዋጋው ወደ 70 ዶላር ነው፤ ወደ 100 ዶላር የከፈለ ግን ከሌላው ሰው አምስት ቀን ቀድሞ መጫወት ይችላል። ባል ለሚስቱ ሳያማክር መቶውን ከፈለ። በሁለተኛው ቀን ፊቱ ጠቁሮ አገኘችው። «ምነው?» ብትለው «ጨዋታው አልተሳካም፤ የገዛው ሰው ሁሉ እየተማረረ ነው» አላት። ሚስት በአንድ አፍ ሁለት ነገር ሰማች፤ መቶ ዶላር መውጣቱን፣ የወጣበትም ነገር የማያስደስት መሆኑን። ባልና ሚስቱን እኔ ያሰብኳቸው ናቸው። ዋጋው፣ አምስቱ ቀንና ምሬቱ ግን በእውነት የሆኑ ናቸው።

ጨዋታው «ሲቪላይዜሽን 7» ይባላል። የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን የፈጣሪው የሲድ ማየር ስም ዛሬም በርዕሱ ላይ ይጻፋል። ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እየመራ ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ይታረቃል። እንደ ዳማ በተራ የሚሄድ ነው። በተጫዋቾቹ ዘንድ «አንድ ዙር ብቻ» የምትል የታወቀች አባባል አለች፤ እየተባለ ይነጋል ማለት ነው። ሚስቶች ይህችን አባባል ከባሎቻቸው በተሻለ ያውቋታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰባተኛው ክፍል ለሁሉም የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ውድ የሆኑትን ዓይነቶች የገዙ ግን ከፌብሩዋሪ 6 ጀምሮ ገቡ። ከእነዚህ መካከል ከፍተኛው ወደ 130 ዶላር የሚያወጣ ነበር።

አሁን ስለ ገበያው ጥቂት ልንገራችሁ። ለኮምፒውተር ከሚሸጡ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚሸጡት ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለቤት በሆነበት በስቲም በኩል ነው። በስቲም የገዛ ሰው ስለ ጨዋታው መጻፍ ይችላል። መጀመሪያ ግን ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም አውራ ጣት ወደ ታች፤ እመክራለሁ ወይም አልመክርም። መካከለኛ የለም። ከዚያ ስቲም ይደምርና ለጨዋታው ስም ይሰጠዋል። ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሰው ከመከረ «በአብዛኛው አዎንታዊ» እና ከዚያ የተሻሉ ስሞች ያገኛል፤ ከ40 እስከ 69 ከሆነ «ድብልቅ» ይባላል፤ ከ40 በታች ከወረደ «በአብዛኛው አሉታዊ» ይሆናል። በ39 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሰው አንድ ሰው ነው፤ በስሙ ላይ ያለው ልዩነት ግን ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱ።

ሲቪላይዜሽን 7 በመጀመሪያው ቀን «በአብዛኛው አሉታዊ» የሚለውን ስም ተሸከመ። ከዚያ ጥቂት ተሻሽሎ «ድብልቅ» ሆነ። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 11 ደርሶ ተራው ገዢ ወደ ገበያው ሲመጣ በሺህ የሚቆጠሩ አስተያየቶች ቀድመውት ተቀምጠው ነበር። ለእርሱ አዲስ የሆነው ጨዋታ በሌሎች ዘንድ ተፈርዶበት አልቋል። ጋዜጠኞች የጻፉት ግምገማ በአብዛኛው መልካም ነበር፤ ሆኖም ሰው በሚገዛበት ገጽ ላይ ጎልቶ የሚታየው የገዢዎቹ ድምፅ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ቀድመው የገቡት እነማን ናቸው? መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ አውጥቶ አምስት ቀን ለመቅደም የሚቸኩል ሰው መንገደኛ አይደለም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል በመቶና በሺህ ለሚቆጠር ሰዓት የተጫወተ፣ እያንዳንዷን ነገር የሚያውቅ ወዳጅ ነው። ወዳጅ ደግሞ ሲከፋው ክፉኛ ነው። በሠርግ ቤት በምግቡ ላይ ብዙ የምታወራው ማን ናት? ራቅ ያለችው እንግዳ አይደለችም፤ የቅርብ ዘመድ ናት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስተያየት የሚያነብ ሰው የሚሰማው የዘመድን ቅያሜ መሆኑን ካላወቀ ጨዋታው ለማንም አይሆንም ብሎ ይደመድማል። ቅያሜው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ልኩ ግን የወዳጅ ልክ ነው።

ምን ነበር ያስቀየማቸው? አንደኛው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ነው። ጽሑፉ፣ ቁልፎቹ፣ መረጃ የሚሰጡት ሰንጠረዦች ያላለቁ ይመስላሉ አሉ። የካርታው መጠን ትንሽ ነው አሉ። ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው። በዚህ ክፍል ታሪክ በሦስት ዘመን ተከፍሏል፤ ጨዋታው ሲወጣ ዘመን ባለፈ ቁጥር ተጫዋቹ ይመራው የነበረውን ሕዝብ ትቶ ሌላ ይመርጥ ነበር። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። በጥንቱ ዘመን ከሚመረጡት አንዱ አክሱም ነው፤ አክሱምን የያዘ ተጫዋች የሚያሠራው ልዩ ግንባታ ደግሞ በራሳችን ቃል «ሐውልት» ተብሎ ተሰይሟል። ደስ ይላል። ነገር ግን ዘመኑ ሲያልፍ አክሱም ያበቃ ነበር፤ ጨዋታው በወጣበት ጊዜ በቀጣዮቹ ሁለት ዘመናት ውስጥ ኢትዮጵያ የምትባል ምርጫ አልነበረችም። ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ሶንጋይ መሄድ ይቻል ነበር፤ ወደ ላሊበላ ግን አይቻልም ነበር። በአራተኛው ክፍል ማስፋፊያ ዘርዐ ያዕቆብን፣ በአምስተኛው ማስፋፊያ ኃይለ ሥላሴን፣ በስድስተኛው ምኒልክን ይዞ እስከ መጨረሻው የተጫወተ ልጅ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። የሌላውም አገር ተጫዋች የተከፋው በዚሁ መንገድ ነው።

አስተያየቱ ከንቱ አልቀረም። ሠሪው ፊራክሲስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በስክሪኑ ጉዳይ ቅሬታውን መስማቱን ገልጾ እንደሚያስተካክል ተናገረ። በቀጣዮቹ ወራትም ማሻሻያዎች ተከታተሉ፤ ትልልቅ ካርታዎች መጡ፣ ካሸነፉ በኋላ መጫወት መቀጠል ተፈቀደ። በ2025 መገባደጃ ደግሞ አንድን ሕዝብ በሦስቱም ዘመን ይዞ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ እየሞከሩ መሆናቸውን አስታወቁ። ያም ሆኖ በስቲም ያለው አጠቃላይ ስም በዚያው ዓመት ውስጥ ከ«ድብልቅ» አልወጣም። ማሻሻያው የመጣው በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አውራ ጣቶች ግን ባለቤቶቻቸው ተመልሰው ካልለወጧቸው እዚያው ይቆጠራሉ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በሴፕቴምበር 2025 ፊራክሲስ ሠራተኞችን እንደቀነሰ ተሰማ። ምክንያቱ የገዢዎቹ አስተያየት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ከአውራ ጣቱ ማዶ እንጀራቸው በዚህ ሥራ ላይ የሆነ ባለ ትዳሮች እንዳሉ የሚጽፍ ሰው ቢያስብ መልካም ነው። ምስክርነት በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። የሚመሰክር ሰው ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም። ሁለት ሰዓት ያየ ሰው የሁለት ሰዓቱን ይናገር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሳላነሣ አላልፍም። «ኧርሊ አክሰስ» የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ስቲም እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ሲሆን ጨዋታው ሳያልቅ፣ «ገና እየሠራነው ነው» ተብሎ በግልጽ የሚሸጥበት ነው። «ማነር ሎርድስ» የተባለው የመካከለኛው ዘመን መንደር መሥሪያ ጨዋታ በአፕሪል 2024 በዚህ መንገድ ወጣ። አብዛኛውን ሥራ የሠራው አንድ ፖላንዳዊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጉድለት ቢኖርበትም ገዢዎቹ በአብዛኛው አመሰገኑት። ለምን? ያላለቀ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሲቪላይዜሽን ግን አለቀ ተብሎ፣ እንዲያውም ለመቅደም ተጨማሪ ተከፍሎበት የቀረበ ነው። ሰው ጉድለትን ይታገሣል፤ ካልተነገረው ጉድለት ጋር ግን ይጣላል። ይህ በጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያ ሳይናገር መቶ ዶላር የከፈለው ባልም ቢሆን የሚያውቀው ነገር ነው።

ደግሞም ኧርሊ አክሰስ ሁልጊዜ ይቅርታ ያስገኛል ማለት አይደለም። በኦገስት 2024 «ስቶርምጌት» የተባለ ጨዋታ በዚሁ መንገድ ቀረበ። ሠሪዎቹ ቀድሞ በታወቁ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ላይ የሠሩ ስለነበሩ ተስፋው ትልቅ ነበር። አስተያየቱ ገና ከጅምሩ ድብልቅ ሆነ፣ ተጫዋቹም ሳሳ። ያልተጠናቀቀ ነው ቢባልም በዚያ ጊዜ የተጻፈው አስተያየት ጨዋታው ካለቀ በኋላም ከአጠቃላዩ ቁጥር አይወጣም፤ ባልተጠናቀቀበት ጊዜ መጻፉን የሚገልጽ ምልክት ብቻ ይደረግበታል።

ታዲያ ወደ ቤታችን ስንመለስ ምን እናድርግ? አንዳንዶቻችሁ ጨዋታ የማትጫወቱ ነገር ግን ገንዘቡን የምትከፍሉ ናችሁ። የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ ይደውልና በውጭ ላለችው አክስት «በካርድሽ ግዥልኝ» ይላታል። አክስት ገጹን ከፍታ «ድብልቅ» የሚል ታያለች። ግራ ይገባታል። እንግዲህ ስሙን ትታ ወደ ታች ትውረድ። ከእያንዳንዱ አስተያየት ጋር ቀኑ ተጽፏል፤ ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ ከማሻሻያው በኋላ? ቅሬታው ስለ ምንድን ነው? የስክሪን ጽሑፍ ከሆነ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝብ መለዋወጡ ከሆነ ልጁ ራሱ ይህን ይወድ እንደሆነ ትጠይቀው።

ስለ ገንዘብ መመለስም እወቁ። ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱት ገንዘቡን ይመልሳል። ከአፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ከመውጫው ቀን በፊት ቀድሞ የተጫወቱት ሰዓት ጭምር ይቆጠራል። በእኔ ግምት የመጀመሪያ ቀን አስተያየቶች ስለ ቁልፍና ስለ ጽሑፍ የሚበዙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የስትራቴጂ ጨዋታ ጥልቀቱ አይታይም፤ ላዩ ግን ይታያል።

ለባለ ትዳሮች ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው። ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይገለጻል። ቀድመው በገቡባቸው አምስት ቀናት ውስጥ ያሉት ሰዓታት 120 ናቸው። አንድ ሰው በእነዚያ ቀናት 40 ሰዓት ተጫውቶ «አልመክርም» ብሎ ቢጽፍ ከአምስቱ ቀን ሲሶውን፣ እንቅልፉን ጨምረን ከቆጠርነው ዕድሜ፣ ለማያስደስተው ነገር ሰጥቷል ማለት ነው። ስለ ካርታው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ዋጋው የሚጽፍ ሞልቷል። «ሚስቴን በዚህ ሳምንት በምሳ ሰዓት ብቻ አየኋት» ብሎ አውራ ጣቱን ወደ ታች የሚያደርግ ግን አይገኝም። ይህን የምትጽፈው እርስዋ ነበረች፤ በስቲም ግን ያልተጫወተ አይጽፍም።

ስለዚህ ባልና ሚስት ገጹን አብራችሁ ክፈቱት። ብዙ ሰዓት ተጫውተው ያመሰገኑትንም የተማረሩትንም አንብቡ፤ በሰዓት መጠን ለይቶ የሚያሳይ መምረጫ አለው። በሳምንት ስንት ምሽት እንደሚፈቀድ ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ከተገዛ በኋላ ንግግሩ ጠብ ይሆናል። ልጆች ላሏችሁ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ስቲም ፋሚሊስ» የልጁን የጨዋታ ሰዓት ለመወሰንና ለማየት ያስችላል። መቸኮል ለማይጠበቅባችሁ ደግሞ ሦስት ወር ጠብቁ። ያን ጊዜ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፣ ማሻሻያውም ይመጣል፤ በገጹ ላይም ከአጠቃላዩ ቁጥር በላይ ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ የሚቆጥር ሌላ መስመር ታገኛላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።