ኪራዩ ለባለቤቱ፣ ሁከቱ ለጎረቤቱ

ቤት መሥራት የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ከአፉ ነጥቆ ግድግዳ ያቆመውን ሰው ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ቢያከራየውም የድካሙን ዋጋ ይበላል እንጂ የማንንም አልወሰደም። እኔ የምወቅሰው፣ ኪራዩን ቈጥሮ ከተቀበለ በኋላ በቤቱ ውስጥ ስለሚሠራው ነገር «አላውቅም» የሚለውን ባለቤት ነው።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌም ሆነ በገርጂ፣ ለቤተሰብ መኖሪያ የተሠራ ቪላ በደላላ እጅ ለመጠጥ ቤት ወይም ለሺሻ ማስጨሻ ሲሰጥ ምን እንደሚከተል የሰፈር ሰው ያውቀዋል። በመጀመሪያ አጥሩ በቆርቆሮ ከፍ ይላል። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ይገባል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መኪናው በሰው በር ላይ ይቆማል፤ የሰከረው ይጮኻል፤ ጠርሙስ ይሰበራል፤ በማግሥቱ ለፈተና የሚቀመጠው ልጅ ትራሱን በጆሮው ላይ ደፍቶ ያነጋል። አራስ የተኛችበት፣ ለቅሶ የተቀመጠበት ቤት እንኳ ከዚያ ጭፈራ አያመልጥም።

የእድራችን ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ቤት ባለቤት ፈልገው ሄዱ። ጌታው የሚኖሩት በሌላ ሰፈር፣ እጅግ ጸጥ ባለ ስፍራ ነው። በአክብሮት ተቀብለው ቡና አስፈሉላቸው፤ ነገሩንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ የማውቀው ውሉን ነው፤ ሌላው የፖሊስ ሥራ ነው» ብለው አሰናበቷቸው። (ይህስ ቢያንስ በአካል የተገኘ ነው፤ ዋሽንግተን ተቀምጦ በወኪል የሚያከራየውን ማን ያገኘዋል?)

የፖሊስ ሥራ መሆኑን ማን ካደ? ፖሊስ መጥቶ የሺሻውን ዕቃ ሲሰበስብና በአደባባይ ሲያቃጥል በየጊዜው አይተናል። ነገር ግን ፖሊስ የሚይዘው ዕቃውንና ሠሪውን ነው፤ ቤቱ በስፍራው ይቀራል። ያው ባለቤት ያንኑ ቤት፣ በዚያው ደላላ፣ ለዚያው ሥራ፣ በሌላ ሰው ስም ያከራየዋል። ታዲያ ከበሽታው መነሻ ርቆ የተቀመጠው ፖሊሱ ነው ወይስ ባለቤቱ?

እርግጥ ነው፣ ፖሊስም ሁልጊዜ አይመሰገንም። በሌሊት ተጠርቶ «ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ» ብሎ የሚመለስበት ቀን አለ። ሁከተኛ ተከራይ ሊያስወጣ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ጣቢያ ሲመላለስ የሚከርም ቅን አከራይም አለ፤ ለእርሱ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ዳሩ ግን እርሱና የእኛው ጌታ አንድ አይደሉም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ጭስና ሽታ፣ ድምፅም ጭምር በስሙ እየጠራ ይከለክላል። ትእዛዙ የተሰጠው በመጀመሪያ ለባለሀብቱ መሆኑን ልብ ይሏል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

አንዳንዱ ባለቤት አሁን አዲስ ምክንያት አግኝቷል፤ የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እጄን አስሮብኛል፣ ተከራይ ማስወጣት አልችልም ይላል። ይህ ማምለጫ ነው። አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው፤ ከለላውም ልጆቹን ይዞ የሚኖረው ተከራይ በየወሩ በኪራይ ጭማሪ እንዳይንገላታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙስ የሚከፈትበትን ግቢ መኖሪያ ያለው ማን ነው? መኖሪያ ብሎ ያዋዋለውስ ባለቤቱ ራሱ አይደለምን?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፣ አከራይ የሚለው ስም የበዝባዥ ስም ሆኖ ለብዙ ዓመት ኖረ። ዛሬ ሰው ቤቱን በአደባባይ ያከራያል፤ ማንም አያፍርበትም። ያንን የቀድሞ ስም መልሶ በቅኖቹ አከራዮች ላይ የሚለጥፍባቸው የእኛው ጌታ ዐይነቱ ነው።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቤቱ ለምን ሥራ እንደሚውል በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ጎረቤት ሲያመለክትም ባለቤቱ ከፖሊሱ ጎን ቆሞ ይመስክር፤ ተከራዩ እምቢ ካለም ከሳሹ እርሱ ራሱ ይሁን። ሽማግሌዎቹ በመጪው እሑድ ወደ ጌታው ዘንድ እንደገና ይሄዳሉ። ውሉ ሳይለወጥ ቡናውን እንዳይጠጡ ተስማምተናል።