የፈረስ ዝና ከነሜዳው ይነገር

አንድ ፈረስ በበዓል ሜዳ ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ስሙ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ይወራል፤ ዋጋውም ከስሙ ጋር ይወጣል። የሮጠበት መሬት ሣር ይሁን አፈር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

ከቡሬ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፣ እንጅባራ ላይ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ያከብራሉ። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ለእንዲህ ያለው በዓል ከሚመጡት ፈረሶች አንዱ በጨፌ ሣር ላይ ያደገ፣ ሌላው ጠጠር መንገድ የለመደ ይሆናል። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ቀን ሩጫ ብቻ መመዘን እንዴት ይቻላል?

ሣር የኮቴን ርግጫ ይዞ ይመልሳል፤ ስለዚህ ጉልበቱን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ የሚፈተለከው ይጠቀማል። ልቅ አፈር ግን ከኮቴ ሥር ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ የቀረውም ፈረስ የፊተኛውን አቧራና ጓል በፊቱ ይቀበላል። በዚያ ላይ ከመነሻው የሚፈጥነው ይበረታል።

በእንግሊዝ አገር ውድድሩ እኩል እንዲሆን ሲባል ብርቱው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ይሮጣል። ክብደቱን የሚወስኑት ሰዎች ለአንድ ፈረስ ሁለት ማዕረግ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ይኸውም አንዱ ለሣር፣ ሌላው በሰው እጅ ለተሠራው የአሸዋ ሜዳ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሲጋር የተባለው ፈረስ በሣር ላይ ደጋግሞ ሮጦ ስም አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ አፈር ቢመልሱት ግን እስከ 1996 ድረስ 16 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በሣሩ ውጤት ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

«ጥሩ ፈረስ የትም ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው አይጠፋም፤ ነገር ግን በሁለቱም መሬት ሮጦ ሳይታይ በሁለቱም ጥሩ ነው ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ወደ አዲስ መሬት የተሻገረ ፈረስ የድሮ ስሙ ሙሉ በሙሉ ሊታመንለትም፣ ሊናቅበትም አይገባም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሮጦ እስኪታይ መታገሥ ነው።

በዚህ የሚጎዳው በሬውን ሸጦ ፈረስ የሚገዛው ገበሬ ነው። በሣር ላይ የተመሰገነውን ገዝቶ በጠጠር ሲያስሮጠው ፈረሱ ያነክሳል፣ ገንዘቡም ይቀልጣል። ስለዚህ የየበዓሉ ዳኞች ከአሸናፊው ስም አጠገብ የሜዳውን ዓይነት፣ እርጥበቱንና ርቀቱን ቢያጽፉ መልካም ነው። ለበዓል ወደ አገር ቤት የምንወርድ ተማሪዎችም ከማጨብጨብ ሌላ ደብተርና ብዕር ይዘን ይህን ሥራ ብንጀምረው ማንም አይከለክለንም።