ከድምፅ በፊት ትንፋሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዶሃ ከተማ፣ በመንሱራ ሰፈር የሚኖር፣ በዝማሬ የሚያገለግል አንድ ወንድማችን በዐቢይ ጾም የደረሰበትን በዚህ ዓምድ እንድናነሣለት ለምኖናል። አስም አለበት፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ይወስዳል። ድምፁ እየሻከረና እየሰለለ ሲሄድ፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ሰማ። ለሰሙነ ሕማማት ድምፁን ለማትረፍ ብሎ ለማንም ሳይናገር አቋረጠው። ከቀናት በኋላ በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት፣ አብረውት የሚኖሩት ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። አሁን «ከድምፄና ከትንፋሼ የትኛውን ልምረጥ?» ሲል ይጠይቃል።

መልሳችን አጭር ነው፤ መምረጥ አያስፈልግም። ትንፋሽ የሌለው ድምፅ የለምና። ነገሩን ግን ከሥሩ እንመልከተው።

የአስም መድኃኒት በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሳልቡታሞል ያለው፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቶሎ የሚያስታግሠው ነው። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካዞን ያለው፣ የመተንፈሻ ቧንቧን እብጠት ቀስ በቀስ የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው። ድምፅን የሚያሻክረው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው። ከሚሳበው ውስጥ ብዙው ሳንባ ሳይደርስ በአፍና በጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ በማንቁርት ያሉትን የድምፅ አውታሮች ሊያስቆጣ፣ ጡንቻቸውንም ሊያደክም ይችላል። አንዳንድ ጊዜም በአፍና በጉሮሮ ነጭ ሽፋን ያለው የፈንገስ ሕመም ያስከትላል። ደግነቱ ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚመለስ ነው።

የአለርጂ መድኃኒቶች ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቀድሞዎቹ ያስተኛሉ፤ አፍና ጉሮሮንም ያደርቃሉ። የድምፅ አውታር ሳይርስ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ይጎዳል። እንደ ሎራታዲን ያሉት አዳዲሶቹ በማድረቅ ይቀላሉ። በዶሃ የአቧራው ነፋስና ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው የክፍል ማቀዝቀዣ ሲጨመሩበት ድርቀቱ ይብሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መድኃኒቱን ከሳቡ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ጉሮሮንም አጥቦ መትፋት። ውኃው እስከ ድምፅ አውታር ባይደርስም ፈንገሱን ይከላከላል። መድኃኒቱን በአፍ ከመሳብ በፊት የሚያጠራቅም፣ ስፔሰር የሚባል የላስቲክ ዕቃ አለ፤ በጉሮሮ የሚቀረውን ይቀንሳልና ለእርሱ የሚስማማ ከሆነ ሐኪምን መጠየቅ መልካም ነው። አሳሳባችን ትክክል መሆኑንም በሐኪም ወይም በፋርማሲ ባለሙያ ፊት ስበን እናሳይ። ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይችላል፤ ይህን ግን በራሳችን አናድርገው። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ ድምፅ ሲደክምም በሹክሹክታ መናገር ዕረፍት መስሎ የሚጎዳ ልማድ ነው።

ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚጨነቅ ሰው ሕመሙንና የመድኃኒቱን ሰዓት ለንስሐ አባቱ ይንገር። ሐኪሙንም ሰዓቱ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ሁለቱ ሳያውቁ መድኃኒት ማቋረጥ ትሩፋት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር ይላል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

የዕጣን ጢስ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላልና፣ የታመሙት በበር አጠገብ ቢቆሙ ማንም አይታዘባቸው። ማስታገሻውን በኪስ ይዞ ወደ ቅዳሴ መግባትም የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም።

ድምፅ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ማንቁርቱ በሐኪም ይታይ። በመንሱራ የምትኖሩ ወገኖች፣ የምድር ባቡሩ አረንጓዴ መስመር ከሰፈራችሁ ተነሥቶ ሐማድ ሆስፒታል ወደሚባለው ጣቢያ ባቡር ሳትለውጡ ያደርሳችኋል። ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ላቃተው፣ ከንፈሩም ለጠቆረ ሰው ግን ባቡር አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ 999 ይደወል።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ እስኪፈስ ሁለቱም እንዳልተሰማቸው አባቶቻችን ያስተምሩናል። በዜማ የተመሰጠ ሰው ቁስሉን አያውቅም። ስለዚህ አጠገቡ የቆምነው ልናይለት ይገባናል። የወንድማችን ድምፅ ሲሰልል «ዛሬ ምን ነካህ?» ብለን ከመሳቅ ይልቅ፣ «መድኃኒትህን አቋርጠህ ይሆን?» ብለን በጓዳ እንጠይቀው። ያ ወንድማችን ቢጠየቅ ኖሮ ያንን ሌሊት ባላየ ነበር።

አሁን መድኃኒቱን ቀጥሏል፤ ስፔሰርም ታዝዞለታል። ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ከመሪነት ወደ ተቀባይነት ወርዶ ያገለግላል። በተራው መሪ ለመሆን ያብቃው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።