«በቦሩ ሜዳ አልቋል» ለሚሉን

የቤተ ክርስቲያን አንድነት ተነሥቶ ወሬው ቢቸናና ሞጣ ላይ ሲደርስ የሚሰጠን ማብራሪያ ሁልጊዜ አንድ ነው። የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እልባት አግኝቷል፤ ዛሬ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ወይ አልተማሩም ወይ ሌላ ዓላማ አላቸው። አጭር ነው፣ ለመግለጫም ይመቻል። ዓባይን ተሻግሮ እነማይ ሲገባ ግን የሚያምነው ያጣል።

ስለ ትምህርቱ ልዩነት እዚህ አልገባም፤ አንባቢዬ ያውቀዋል። ሐዋርያት ሥራ 10፥38ን ሁለቱም ወገን በቃሉ ይወጣዋል፤ የሚጣሉት ትርጓሜው ላይ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ አለቀ ከተባለ፣ በማን ፊት፣ በምን ዓይነት ዳኝነት አለቀ?

በቦሩ ሜዳ ጳጳስ አልነበረም። አቡነ አትናቴዎስ ካረፉ ሁለት ዓመት ግድም ሆኗቸው ነበር፤ እነ አቡነ ጴጥሮስና ለጎጃም የተመደቡት አቡነ ሉቃስ ከግብፅ የመጡት ደግሞ ጉባኤው ከተበተነ ሦስት ዓመት አልፎ ነው። ሰብሳቢው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ከጎናቸው የተቀመጡት ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። ምኒልክ ልቼ ላይ ከገበሩ ገና ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ የተረታው ተለየ፣ እንቢ ያለው ተቀጣ። በዚያው ሰሞን የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊም ሚካኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ። ይህን የሚያውቅ ሰው «እውነት በክርክር ነው የተረቱት፣ ወይስ ዙሪያውን በሰፈረው ጦር?» ብሎ ቢጠይቅ መናፍቅ ሊባል አይገባም።

በዚያ ላይ የጉባኤው ዋና ተከራካሪ የጎጃም ቅባት አልነበረም። የተሟገቱት በዋናነት የሸዋዎቹ ሦስት ልደቶች፣ ጸጋ የምንላቸው፣ ካራ ከሚባሉት ተዋሕዶዎች ጋር ነው። ፖለቲካውም የሸዋና የትግራይ ነበር። እናም ዛሬ ደብረ ወርቅ ላሉ መምህር «የእርስዎ ነገር ቦሩ ሜዳ ላይ ተፈርዷል» ስንላቸው፣ በሌላ ሰው ስም የተጻፈ የፍርድ ወረቀት ይዘን መሬት እንደ መረከብ ነው። መምህሩም ታሪኩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ዝም የሚሉት ስለተረቱ አይመስለኝም።

ቅባቶችን የዋህ ተበዳይ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። እነሱም ዙፋን ያገኙበት ዘመን ነበር። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ጊዜ፣ በ1713 ዓ.ም. ግድም፣ ጎንደር ላይ የቅባት ትምህርት በአዋጅ ሲነገር የተቃወሙት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ታርደዋል። ከዚያ በፊት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሊያስቀበሉ ሞክረው፣ አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ በ1624 ዓ.ም. በአዋጅ መልሰውታል። ባለ ዙፋን ጉባኤ ጠርቶ ሃይማኖት ሲቆርጥ፣ ተከታዩ ባለ ዙፋን ሲፈታው ነው የኖርነው። ከነዚህ አንዱን መርጦ «ይኼኛው ግን የመጨረሻው ነው» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ደግሞ ለማን ነው የሚነገረው? ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ግብር አንገብርም ብለው ጦር የተላከባቸው አውራጃዎች ናቸው። በመሬቱ ትእዛዝ ያልተቀበለ ሕዝብ በነፍሱ ትእዛዝ ይቀበላል ብሎ ያሰበ ሰው አገሩን ጠይቆ አያውቅም።

«አልቋል» የምትለው መልስ ትልቁ ጉዳቷ ግን ሌላ ነው፤ ሥራ ታስፈታለች። ያለቀ ነገር አይማሩበትም፣ ጉባኤ አይጠሩለትም፣ መምህር አይመድቡለትም። እታች ግን ያላለቀው ነገር በየቀኑ ይመጣል። ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ዕድሩ አንድ ነው፤ ጽዋውንም አብረው ያነሣሉ። ጥያቄው የሚመጣው ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ በሽተኛ የንስሓ አባት ሲያስጠራ፣ ሬሳ ደጀ ሰላም ደርሶ ፍትሐቱን ማን ይምራ ሲባል ነው። ቄሱን ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ብትጠይቋቸው «እኛ ያባቶቻችን ነን» ይሏችኋል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙንም ወርቁንም ራሳችሁ ፈልጉት።

የሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲቃጠሉም የተሰጠን መልስ የዚህ ዘመድ ነው፦ የመቻቻል ታሪካችን። የዛሬን ቁስል በታሪክ መሸፈን ልማድ ሆኖብናል። ጤናማ ቤተ ክርስቲያን የምትለካው በውስጧ ባለው ሰላም ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ቤት ሲቃጠል በምታደርገውም ይመስለኛል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከላይ የወረደ አንድነት ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት ዳዊት ሣልሳዊ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ፣ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ዕርቁ እውነተኛ ነበር። ግን አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ አካባቢ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን አሉ። ውግዘት ተከተለ፣ ደም ፈሰሰ፣ የካቲት 8 ቀን ደግሞ ቤተ መንግሥት ገብቶበት ስምምነት ተፈረመ። የትግራይ አባቶችም የራሳቸውን መንገድ ጀምረዋል። የሲኖዶሱ መለያየት በቋንቋና በአስተዳደር ጥያቄ ነው፣ የጎጃሙ በትምህርት ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። መድኃኒቱ ግን አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ከላይ መፈረም፣ ከታች «አልቋል» ማለት።

መፍትሔው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ከመግለጫው በፊት የዲማንና የደብረ ወርቅን ሊቃውንት በአገራቸው፣ በወንበራቸው፣ ያለ ካድሬና ያለ ካሜራ መስማት ነው እላለሁ። ይህን ማለት ቀላል ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው ጦርነት ከቢቸና ሞጣ መሄድ ራሱ ስንት ነገር እንደሚጠይቅ የአገሩ ሰው ያውቃል። መንገዱ ተከፍቶ ጉባኤው ቢጠራስ፣ ባለ ቅባቱ መምህር ተነሥተው «እኔ እንዲህ አምናለሁ» ለማለት ይደፍራሉ? በቦሩ ሜዳ የተናገረ ሰው ምን እንደገጠመው ያውቃሉ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የምናገር አይመስለኝም።