ቤት ሲበዛ ቦዩ አይዘንጋ

በአንድ ከተማ የመኖሪያ ቤቶች መበራከት የዕድገት ምልክት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ቤት አራት ግድግዳና ጣራ ብቻ ባለመሆኑ፣ መተላለፊያውን፣ የፍሳሹን መውረጃና የነፋሱን መግቢያ ያላገናዘበ ግንባታ የነዋሪውን ኑሮ ከማቃለል ይልቅ ያከብደዋል። ለዚህ አባባላችን በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው ካርቲየ 2 ሁነኛ ምስክር ነው። ጅቡቲ በሐዲድና በወደብ ከእኛ ጋር የተሳሰረች፣ የብዙ ወገኖቻችንም መኖሪያ ስለሆነች ጉዳይዋን እንደ ባዕድ ጉዳይ አናየውም።

ካርቲየ 2 በቁጥር ከሚጠሩት የከተማዋ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን አውሮፓውያን በድንጋይ ግንብ ሲኖሩ፣ ለተወላጁ የተፈቀደለት በጊዜያዊ የመያዣ ፈቃድ የሚቆም የጣውላና የቆርቆሮ ቤት ነበር። ጊዜያዊ የተባለው ግን ትውልድ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ ተቃውሞ በኋላ የፈረንሳይ አስተዳደር ከተማዋን በእሾህ ሽቦ ሲያጥር፣ መግቢያ ያጣው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ባልባላ ላይ ሰፈረ፤ ባልባላም በ1987 በይፋ ወደ ከተማዋ ተጠቃለለች። በ2009 ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 475 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

ነባሮቹ ሰፈሮች ያሉት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ ብርቅ ቢሆንም በጣለ ጊዜ መሄጃ የለውም፤ የ2004 እና የ2019 የጎርፍ አደጋዎች ይህንኑ አሳይተዋል። በ2017 ከኢትዮጵያ ምድር የተዘረጋው የመጠጥ ውሃ መስመር ትልቅ በረከት ነው፤ ሆኖም በቧንቧ የገባ ውሃ ፍሳሽ ሆኖ መውጣቱ አይቀርም። በጠባብ መተላለፊያ ፎቅ በፎቅ ሲደረብ፣ የመፀዳጃው ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ነፋሱ ይታገዳል፤ እሳት ቢነሳ ለማጥፊያው መኪና መግቢያ ይጠፋል።

ስለሆነም የነዋሪው ስጋት ሁለት ነው። ሰፈሩ ሳይሻሻል ቢቀር በጭንቅንቁ ይኖራል፤ ቢሻሻል ደግሞ ኪራይ ንሮ ከሥራውና ከገበያው ርቆ ወደ ዳር ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተነደፈው የከተማ ድህነት ቅነሳ ዕቅድ ለካርቲየ 2 መሠረታዊ አገልግሎቶችን ማስቀደሙ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ያመለክታል።

ይህ ቅደም ተከተል ለወታደር እንግዳ አይደለም። ሠራዊት ሲሰፍር ድንኳን ከመትከሉ በፊት የውሃውን መውረጃና የመፀዳጃውን ቦታ ይለያል። ይህን የዘነጋ ጦር ጠላት ሳይደርስበት በተስቦ ይፈታል። የእኛም ከተሞች ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲፈጅ፣ ለውሃ መንገድ አለመተው የሚያስከፍለውን ዋጋ አይተናል።

በመሆኑም ማንኛውም አስተዳደር የፎቅ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ቦዩንና መተላለፊያውን ያስቀድም፤ ለነባሩ ነዋሪ የጸና የይዞታ ማረጋገጫ ይስጥ፤ ተከራዩም ሳይሰማ አይነሳ። ነዋሪውም በበኩሉ ቦዩን ከቆሻሻ ይጠብቅ፤ ደጁንም ወደ መንገዱ አያስፋፋ። የከተማ ዕድገት ሊለካ የሚገባው በተደረበው ፎቅ ብዛት ሳይሆን፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ሕፃናት በደረቅ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው እየታየ ነው እንላለን።